በአመድ የተፈተገው አጋዘን እና ሐረር ያገኘኋቸው አንጥረኛ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነው የሠራው። ሲያርፍ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ የወተት ጣሳ አገኘን። ሁለት ማርትሬዛ (የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር)፣ ሦስት የ1936 ዓ.ም. ሽልንግ፣ እና አንድ ትልቅ ባለ 25 ብር ሳንቲም ነበረበት። ይሄኛው በ1970 ዓ.ም. የወጣው፣ የደጋ አጋዘን ያለበት ነው። ወንድሜ "ሸጠን እንካፈል" አለ። እኔ ግን ምን እንደያዝን ሳላውቅ መሸጡን ሆዴ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚሁ ድሬ፣ አንድ ወርቅ ቤት ነው። ስሙ ይቅር። ሰውዬው ስድስቱንም ሚዛን ላይ ዘረገፋቸው። 112 ግራም። በካልኩሌተር አባዝቶ አንድ ቁጥር አሳየኝ። "ለምን ለየብቻ አትመዝናቸውም?" ስለው "ያው ነው፣ ሁሉም ይቀልጣል" አለ። ይባስ ብሎ ሳይጠይቀኝ የአንዱን ማርትሬዛ ጠርዝ በሞረድ ፋቀው። ጠርዙ ላይ እኮ ዙሪያውን ጽሑፍ አለ! አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

በነጋታው ሚኒባስ ይዤ በደንገጎ አድርጌ ሐረር ወጣሁ። የጎረቤታችን እናት የጠቆሙኝ አንጥረኛ ሱቅ ከፈረስ መጋላ አደባባይ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ቁልቁል ሲወረድ ነው። ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ አንድ ባንድ ጠርዝ ጠርዙን እየያዙ መዘኑ።

አጋዘኑ 34.9 መጣ። ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ፕሩፍ ነው።"

ለማያውቅ ሰው፣ ፕሩፍ ማለት ገበያ እንዲዞር ሳይሆን ለሰብሳቢ ተብሎ የሚመታ ሳንቲም ነው። ማተሚያውም፣ ሳንቲሙ የሚሠራበት የብር ማዕድንም አስቀድሞ ይወለወላል። ምቱም ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። ስለዚህ ሜዳው፣ ማለት ሥዕል የሌለበት ባዶው ቦታ፣ እንደ መስታወት ያበራል፣ ሥዕሉ ደግሞ ደብዘዝ ብሎ ይነጣል። የእኛው ግን ምንም አያበራም። ያወቁት በክብደቱ ነው። የዚህ አጋዘን ፕሩፉ 35 ግራም ነው፤ ተራው ከዚያ ይቀላል።

"አቦ ማነው እንዲህ የፈተገው?" አሉኝ። እናቴ ናት። በየዓውደ ዓመቱ በአመድና በሎሚ ታሸው ነበር፤ ለክብሩ ብላ። እኔና ወንድሜ ደግሞ ሲሚንቶ ላይ ስናሽከረክረው ነው ያደግነው። አጉሊ መነጽሩን ሰጡኝና አየሁ። ሜዳው በሙሉ እንደ ፀጉር በቀጠነ ጭረት ተሞልቷል። እንዲህ የሆነ ፕሩፍ መስታወቱ አይመለስም። ሰብሳቢ የሚጨምረው ዋጋ አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀረው በአብዛኛው የብር ማዕድኑ ዋጋ ነው። ይሄን ሳያለባብሱ ነገሩኝ። "ይወደዳል ብለሽ አታስቀምጪው፤ ከወደድሽው ግን አስቀምጪው" አሉኝ።

ሒሳቡንም ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። አጋዘኑ 925 ነው፣ ማለት ከሺህ እጁ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ንጹሕ ብሩ 32 ግራም ከምናምን ይሆናል። ማርትሬዛ 28 ግራም ትመዝናለች፣ ግን 833 ስለሆነች ንጹሑ 23.4 ገደማ ነው። ሽልንጉ 7 ግራም፣ 800፤ ንጹሑ 5.6። የድሬው ሰውዬ ይሄን ሁሉ ነው አንድ ላይ የዘረገፈው።

ማርትሬዛዎቹን ሲያዩ ዓመተ ምሕረቱን ዞር ብለውም አላዩት። ሁሉም 1780 ነው የሚለው፤ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሲመታ ኖሯል። እሳቸው ሳንቲሙ ላይ ያለችውን የሴትዮዋን የጌጥ ፈርጦች ቆጠሩ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ሰሙ። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ የውሸት አይደሉም። አንዷ ግን ማንጠልጠያ ተበይዶባታል፤ የአያቴ ሐብል ነበረች። ሌላዋ ንጹሕ ነበረች፣ ሞረዱ እስኪያገኛት። ሳትፋቅ ብትመጣ የተሻለ ይከፍሉኝ እንደነበር ነገሩኝ። አሁን ሁለቱም በግራም ሄዱ።

የዕለቱን የዓለም ዋጋ በስልካቸው አሳይተው፣ ከዚያ ስንት ቀንሰው እንደሚገዙ አስቀድመው ተናገሩ። ቅናሹ ትንሽ አይደለም። እኔ ግን እያወቅኩ ስለተቀነሰብኝ አልከፋኝም። የማልወደው ደረሰኝ አለመስጠታቸው ነው። ስጠይቅ ያቺኑ ሒሳብ የሠሩባትን ወረቀት ፈርመው ሰጡኝ። እንደዚህ ያለ የታመነ ቤት ደረሰኝ ቢኖረው ምንኛ ጥሩ ነበር።

ማርትሬዛዎቹንና ሽልንጎቹን ሸጥኩ። አጋዘኑን አስቀረሁት፣ ለወንድሜ ድርሻውን ከራሴ ጨምሬ። ከኢትዮጵያ ደጋማ ተራሮች በቀር የትም የሌለ እንስሳ ነው፤ አባቴም "ይሄንን አትንኩ" እያለ መልሶ እኛኑ ያጫውተን ነበር። ቀልጦ ቀለበት ሲሆን ማየት አልፈልግም።

በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። በጎማ ላስቲክ እንዳላስረው አስጠንቅቀውኛል፤ ጎማ ብርን ያጠቁራል። ቢጠቁርም አይታሽም። እናቴን ይሄን ማሳመን ነው የከበደኝ።

የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት ሂዱ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ዝግ ነው።