ደሴዎች ተጠንቀቁ፦ ከ12 ሺህ ሊትር የሽንት ቤት ጉድጓድ 20 ሺህ ሊትር መጠጥን ብለው አስከፈሉን

የደሴም የኮምቦልቻም ሰዎች፣ ሽንት ቤት ልታስመጥጡ ካሰባችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኛ ተበልተናል። የኛ ብር አንዴ ሄዷል፣ ለሱ ብዬ አይደለም የምጽፈው። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ መኪና እዚያው ሰፈራችን ሌላ ሰው በር ላይ ቆሞ ሳየው ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

እናቴ የምትኖረው ከጦሳ ተራራ ስር ካሉት ዳገታማ ሰፈሮች በአንዱ ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈረው አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። 2 ሜትር በ2 ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር። ግድግዳው በደረቅ ድንጋይ የተካበ ነው፣ ሲሚንቶ አልነካውም። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ሞላ። ከክዳኑ በታች ግማሽ ሜትር ብቻ ቀረው፣ ሽታውም ቤት ድረስ መግባት ጀመረ። ከከተማው የመምጠጫ መኪና አገልግሎት ዘንድ ተራ ይዘን ነበር፣ ግን የእህቴ ልጅ ኒካህ አስር ቀን ነው የቀረው፣ ከሐይቅም ከከሚሴም እንግዳ ይመጣል። እናቴ በሃሳብ እንቅልፍ አጣች።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ስልክ ያገኘነው። ደወልኩ። ያነሳው ደላላ ነው፣ ያን ያወቅኩት በኋላ ነው። «በቢያጆ 3,500 ብር፣ መኪናው ባለ 10 ሺህ ሊትር ነው፣ ዛሬውኑ እንመጣለን» አለኝ። ቢያጆ ማለት የመኪናው አንድ ምልልስ ነው። ዛሬውኑ የምትለዋ ቃል አሸነፈችኝ። ቀብድ 2,000 ብር በቴሌብር ላክሁ።

መጡ። መኪናው ግቢ መግባት ስለማይችል ላይ አስፋልቱ ዳር ቆመ፣ የመምጠጫውን ጎማ በጎረቤት አጥር ስር አሳልፈው ወደ ታች ዘረጉት። ፓምፑ ሃያ ደቂቃ ያህል ጮኸ። «ሞላ» አሉና ሄዱ። በሃያ አምስት ደቂቃ ተመለሱ። አስቡት፣ ከኛ ሰፈር ወርዶ፣ ከከተማ ወጥቶ፣ ደፍቶ፣ እንደገና ዳገቱን ወጥቶ በሃያ አምስት ደቂቃ። እኔ ግን ያኔ ፈጣኖች ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። እንደገና ሃያ ደቂቃ ጮኸ። «ሁለት ቢያጆ፣ 7,000 ብር» አሉ።

ጉድጓዱ ውስጥ ባየሁ ጊዜ ጨለማ ነው፣ ውሃው ዝቅ ብሏል፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ረዳቱ የእናቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «አብሽሪ እናቴ፣ ካሁን ወዲያ አትቸገሪም» አላትና ከጋቢና አንድ ነጭ ዱቄት በፌስታል አወጣ። መድኃኒት ነው አለ። ከጨመራችሁበት ጭቃውን በልቶ ያጠፋዋል፣ አምስት ዓመት መኪና አትጠሩም። 1,800 ብር። እናቴ ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፣ አልከለከልኳትም፣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ በልጅ እንልካለን» አሉኝ። ነገ አልመጣም።

ማታ ወንድሜ ከሥራ ገባ። ዝም ብሎ ረጅም የባህር ዛፍ እንጨት አመጣ፣ ጫፉ ላይ ያረጀ ነጭ ነጠላ ጠመጠመበት፣ ክዳኑን ከፍቶ ቀስ እያለ ወደ ታች አወረደው። እንጨቱ መሬት ሳይነካ ቆመ። ለቀቀው። አልወደቀም። ማንም ሳይዘው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጭቃው ያዘው። ስናወጣው ነጠላው ላይ መስመሩ ጥርት ብሎ ይታያል፦ ከላይ ግማሽ ሜትር ያህል ውሃ፣ ከሱ በታች ጥቁር ወፍራም ጭቃ። ውሃው ከክዳኑ በታች አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነው ያለው። በፊት ግማሽ ሜትር ላይ ነበር። ስለዚህ የቀነሰው አንድ ሜትር ብቻ ነው።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። 2 በ2 ሆኖ አንድ ሜትር ከቀነሰ የወጣው 4 ሜትር ኩብ ነው፣ ማለት 4 ሺህ ሊትር። እኛ የከፈልነው የሁለት ባለ 10 ሺህ ቢያጆ ነው፣ 20 ሺህ ሊትር። ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ ጉድጓዱ እስከ አፉ ቢሞላ እንኳ 2 በ2 በ3 ሲባዛ 12 ሺህ ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው! ከ12 ሺህ ውስጥ 20 ሺህ እንዴት ይወጣል? ይህን ሂሳብ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል። እኔ ግን ጎማው እየጮኸ፣ እንግዳ እየመጣ፣ ሽታው እያፈነኝ አልሠራሁትም። እነሱ የሚበሉት ይህንኑ ጥድፊያ ነው።

ደውዬ ተጣላሁ። ደላላው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጭቃው ከደረቀ ሰው ወርዶ ነው የሚጠርገው፣ ልጅ እናመጣለን፣ 1,500 ብር ጨምሩ።» እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «ለሽንት ቤት ብዬ የሰው ልጅ አልገድልም» አለችና ዘጋችው። ልክ ናት። እባካችሁ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ። ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሰውየው ሽታው ጠፋ ብሎ ሲረጋጋ ያን ጊዜ ይወድቃል። ሊያወጣው የሚገባውም አብሮ ይቀራል። ሚቴን የሚባለው ደግሞ በእሳት ይፈነዳል፣ ክዳን ተከፍቶ ሳለ ሲጋራም ክብሪትም አይጫር። ሰው አውርዱ የሚላችሁ ካለ በማንኛውም ዋጋ እሺ አትበሉ።

ጭቃው ለምን ቀረ? መካኒክ የሆነው የአክስቴ ልጅ ነው ያስረዳኝ። የመኪናው ፓምፕ የሚያደርገው ታንከሩ ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ነው። ፍሳሹን ገፍቶ ወደ ላይ የሚያወጣው የውጭው አየር ግፊት ነው። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች በዚህ ትንሽ ትሻላለች። እና መኪናው ላይ አስፋልት ቆሞ ጎማው ታች ግቢ ሲወርድ፣ ቀጭኑን ውሃ ይስባል፣ ወፍራሙን ይተወዋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ውሃ በግፊት እየረጨ ጭቃውን ያማስላል፣ ከዚያ ነው የሚመጠው፣ ጎማውንም እስከ ታች ያወርዳል። የኛዎቹ ጎማውን ከላይ አንሳፍፈው ውሃ ወስደው ሄዱ።

በአስራ አንደኛው ቀን ጉድጓዱ ተመልሶ ሞላ። ደላላው «መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ እያፈላው ነው» አለኝ። ውሸት ነው። የኛ ዓይነት በደረቅ ድንጋይ የተካበ ጉድጓድ በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከጎኑ ይሰርገዋል፣ ከጦሳ የሚወርደውን ውሃ ደሴ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ላይ የጣሪያችን አሸንዳ ውሃውን የሚለቀው ጉድጓዱ አጠገብ ነበር። ነሐሴ ላይ ማስመጠጥ ለኛ የዝናብ ውሃ በብር መግዛት ነበር። ግድግዳው ደካማ ከሆነ ደግሞ መሬቱ ውሃ ጠግቦ ሳለ ባዶ ማድረጉ እንዲደረመስ ያደርገዋል። የሚሻለው ወይ ክረምት ሳይገባ ግንቦት ላይ፣ ወይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። አሸንዳውን አሁን አዙረነዋል።

ዱቄቱንም በተመለከተ፣ ጭቃን በልቶ የሚጨርስ ዱቄት የለም። አሸዋው፣ አመዱ፣ ያልበሰበሰው ቆሻሻ በምንም አይጠፋም፣ በመኪና ነው የሚወጣው። 1,800 ብር ለምን እንደከፈልን እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ፌስታሉ ላይ ስም እንኳ አልነበረበትም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ይህ ከብሩም በላይ ያመኛል። ታች የሚኖር ጎረቤታችን መኪናው በመጀመሪያው ቢያጆ ወደ ቦርከና የሚወርደው ቦይ ዳር ቆሞ ጎማ ዘርግቶ አይቶታል። ሃያ አምስት ደቂቃዋ አሁን ገባችኝ። ቦርከና ከኛ ነው ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው። እዚያ ታች ገበሬው በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል፣ እኛም ገዝተን እንበላዋለን። የሽንት ቤት ጭቃ ውስጥ ያለ የወስፋት እንቁላል ደግሞ አፈር ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ይከለክላል፣ ግን አዋጁ ሌሊት ቦይ ዳር ቆሞ አይጠብቅም። «የት ነው የምትደፉት?» ብላችሁ መጠየቅ የናንተ ፋንታ ነው። ሲያጉረመርም ካያችሁ አሰናብቱት።

እና ያ መኪና በሁለተኛው ሳምንት ሲመጣ ሜትር ይዤ ወጣሁ። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ነበር። የታንከሩን ርዝመት ለካሁ፣ 3 ሜትር። ከዳር እስከ ዳር ስፋቱን ለካሁ፣ 1 ሜትር ተኩል። ክብ ታንከር እንዲህ ነው የሚሰላው፦ የስፋቱን ግማሽ በራሱ ታባዛላችሁ፣ በ3.14 ታባዛላችሁ፣ በርዝመቱ ታባዛላችሁ። 5.3 ሜትር ኩብ መጣ። ባለ 10 ሺህ የተባለው መኪና ጢም ቢል 5,300 ሊትር ነው የሚይዘው! ሹፌሩ ወርዶ «ምን እየሠራሽ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። እየለካሁ ነው አልኩት። የቤቱ ባለቤት እትዬ ወጡና ሁሉንም ነገርኳቸው። እንጨት አስመጡ፣ ከመመጠጡ በፊት ለኩ፣ በኋላ ለኩ፣ የአንድ ቢያጆ ብቻ ከፈሉ። ዱቄቱን ሲያመጡላቸው «ለራሳችሁ ቤት አድርጉት» አሏቸው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ጉድጓዳችሁን አሁኑኑ፣ ሳይሞላና ሳትጣደፉ፣ ለክታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ስትዋዋሉ በቢያጆ ሳይሆን በሜትር ኩብ ተዋዋሉ፣ እምቢ ካሉ ቢያንስ ታንከሩን ለኩት። ብዙዎቹ ታንከሮች ከኋላ ወይም ከጎን መጠኑን የሚያሳይ መስታወት አላቸው፣ ሞላ ሲሏችሁ ሄዳችሁ እዩት። ቀብድ አትላኩ፣ እንጨቱ ወርዶ እስኪወጣ ብር ከእጃችሁ አይውጣ። የመኪናውን ታርጋ ገና ሲቆም ፎቶ አንሱ። ደረሰኝ ደግሞ ልመና አይደለም፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴውን ደረሰኝ ስጥ ብሎ ያስገድደዋል፣ ጉዳት ለደረሰበት ሸማችም ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እኛ ደረሰኝ ስላልያዝን የቴሌብር መልዕክቱና የታርጋው ፎቶ ብቻ ነው ያለን። እሱንም ይዤ ሰኞ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። በዚሁ መኪና የተበላችሁ ካላችሁ መልዕክታችሁን ይዛችሁ አብራችሁኝ ኑ፣ አምስት ሰው ሆነን ብንቀርብ አንድ ሰው ሆኜ ከምቀርብ ይሻላል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ጉድጓዱን እንደገና እናስመጥጣለን፣ እንጨቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል።