ስምንት ወር ከላሜራ ማጠፊያ ማሽኔ ጋር፦ አፉ ሹል ነው፣ የአውሮፕላን አሉሚኒየም ይሰነጥቃል

ስንጥቁን ያየሁት ማታ ነው። የጅራቱን ስፓር፣ ማለትም አግድም ክንፉን ከውስጥ የሚሸከመውን ረጅም አካል፣ አጥፌ ጨርሼ በጨርቅ እየወለወልኩት ነበር። መብራቱ በጎን ሲመታው እጥፋቱ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ታየችኝ። ጭረት መስሎኝ በጥፍሬ ዳሰስኳት። ጥፍሬን ያዘችው። በማጉያ መነጽር ሳያት ክው አልኩ። አንድ ብቻ አልነበረችም።

ይህን በእጅ የሚሠራ ማጠፊያ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። እጀታው ጠንካራ ነው፣ ብሎኖቹም አልላሉም። ስስ ብረት አጥፌ የዕቃ ሳጥን ሠርቼበታለሁ፣ ምንም አላለም። ግን ለሳጥን ብዬ አልገዛሁትም። የራሴን አውሮፕላን እየሠራሁ ነው፤ ለሻጩም በግልጽ ነግሬዋለሁ። «እስከ 1 ሚሊሜትር ማንኛውንም ላሜራ ያጥፋል» አለኝ።

ማጠፉንማ ያጥፋል። ችግሩ የሚታጠፍበት ጠርዝ ነው። ይህ ጠርዝ የማሽኑ አፍ ነው፤ ሬዲየሱ፣ ማለትም የክብነቱ መጠን፣ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ ነው ብንል እንኳ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ሲታጠፍበት የውጭው ገጽ በ33 በመቶ ገደማ ይለጠጣል። ስፓሩን የሠራሁበት 2024-ቲ3 የሚባለው አሉሚኒየም ደግሞ ከመበጠሱ በፊት የሚለጠጠው 18 በመቶ አካባቢ ነው። ሬዲየሱን ወደ 3 ሚሊሜትር ብናሳድገው መለጠጡ ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። ያኔ ይችለዋል።

«አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ ምን ያስፈራል?» ይለኝ ይሆናል ሻጩ። ይሄኛው ለስላሳ አይደለም። መዳብ የተቀላቀለበት፣ በሙቀት የጠነከረ ነው። «እንግዲያው ጥፋቱ የላሜራው ነው» ቢለኝም መልስ አለኝ። ላሜራ ሲዳመጥ አቅጣጫ ይይዛል፤ እኔ ያጠፍኩት ያንን አቅጣጫ አቋርጬ ነው፣ የሚመከረውም እንደዚያ ነው። ጠርዞቹን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሻለሁ። መስመሩን ያሰመርኩት በማርከር ነው፣ በሹል ነገር አልጫርኩትም። ከዚያው ላሜራ የተረፈ ቁራጭ ወስጄ፣ ጠርዙን 3 ሚሊሜትር ባከበብኩት ጠንካራ እንጨት ላይ በፕላስቲክ መዶሻ አጠፍኩት። ስንጥቅ የለውም። በማጉያ መነጽር ሦስቴ አየሁት፣ የለውም።

የተሰነጠቀውን ጣልኩት። ይህ ዓይነት አሉሚኒየም እንደ ሌላው በብየዳ አይጠገንም። ብየዳው ቢይዝ እንኳ የሞተሩ ንዝረት በየበረራው ስንጥቁን ያሳድገዋል። እዚያ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ራሴ ነኝ። ለስላሳ አሉሚኒየም በአፉ ላይ እንደ ሽፋን አጠፍኩ፣ በላዩ ሌላ ደረብኩ። እያንዳንዱ ንብርብር 1 ሚሊሜትር ስለሆነ ሬዲየሱ ወደ 3 ተጠጋ። አፉ ያለበትን የላይኛውን የማሽኑን አካል በዚያው ልክ ወደ ኋላ ገፋሁት፤ ይህ ካልተደረገ ላሜራው መታጠፊያ ቦታ ያጣል። ሬዲየሱ ሲያድግ ላሜራው ሲለቀቅ ይበልጥ ይመለሳል። 90 ዲግሪ ለማግኘት እስከ 96 አጥፌ መልቀቅ ነበረብኝ። የላሜራውን ልክም እንደገና አሰላሁ፣ ምክንያቱም ክብ እጥፋት የሚወስደው ቁመት ከሹሉ ያንሳል። ሁለት ቅዳሜ በዚህ አለቀ። ሁለተኛው ስፓር ግን ንጹሕ ወጣ፣ እጄን አሳለፍኩበት፣ ደስ አለኝ።

ታዲያ ማሽኑ ጥሩ ነው? አይደለም። ያ ደስታ የእኔ ሥራ ነው፣ የእሱ አይደለም። ለአውሮፕላን ብላችሁ ከሆነ አትግዙት። ሌላም ስትገዙ ስንት ሚሊሜትር ያጥፋል ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ የአፉ ሬዲየስ ስንት ነው፣ ይቀየራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ የሬዲየስ መለኪያ ይዛችሁ ራሳችሁ ለኩት።

እኔ ለጊዜው አልሸጠውም፣ የክንፉ ሥራ ይቀረኛል። ብሸጠው እንኳ ከነሽፋኑ ነው የምሰጠው።