ፒክአፕ፦ ከጎንደር ደላላ ወይስ ከአዲስ አበባ አስመጪ?

ከወንድሜ ጋር አዲስ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ስንፈልግ ሁለቱንም ሞክረናል።

ጎንደር ፒያሳ ቡናህን እየጠጣህ ለደላላ ትደውላለህ፣ ብዙም ሳትቆይ መኪናው ፊትህ ይቆማል። ታየዋለህ፣ አዘዞ ድረስ ነድተህ ትመለሳለህ። ችግሩ ዋጋው ነው። መጀመሪያ የሚጠራልህ ብር ለመከራከሪያ ተብሎ የተጫነበት ነው፤ ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን ከሽያጩ በመቶኛ ስለሚያስብ ዋጋው እንዲወርድልህ ብዙም አይጓጓም። አንዱ «ዜሮ ማይል ነው» ብሎ ያመጣልን መኪና የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳ አልተነሳም። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን አልቆ ልሟል! ወንድሜ በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎት ሳቀ።

አስመጪ ጋ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ትኬት፣ አልጋ፣ መኪናውን ይዞ የመመለሻ ነዳጅ ሁሉ ዋጋው ላይ ይደመራል፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ክርክሩም ጠባብ ነው። «15 በመቶ ቫቱ ገብቷል?» ብለህ ጠይቅ፣ ካልጠየቅክ ፕሮፎርማው (የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀቱ) ርካሽ ይመስልሃል። ዋጋው አልወርድ ካለህ ሰርቪስ ወይም የጭነት ሸራ እንዲጨምሩልህ ግፋ፤ እኛ ሸራውን ያገኘነው ልንወጣ ስንነሳ ነው። ዋስትናውም በጽሑፍ ይሰጥሃል።

እኔ ብሆን ከሁለት ሦስት አስመጪ ፕሮፎርማ በስልክ አስልኬ ፒያሳ ላለው ደላላ አሳየዋለሁ። ያኔ ድምፁ ይለሰልሳል። ብቻ የቻሲስ ቁጥሩን ከዴክላራሲዮኑ (ከጉምሩክ ሰነዱ) ጋር ሳታመሳክር ቀብድ እንዳትሰጥ።