ፉባር2000፣ ሚውዚክቢ፣ ኤይምፕ ወይስ ቪኤልሲ? ለቤት ኮምፒውተር የሙዚቃ ማጫወቻ ለሚመርጡ

ለወዳጅ ዘመድ ኮምፒውተር ሳዘጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ድምፁ የሚያምረው የትኛው ማጫወቻ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የተገባ ነው፤ መልሱ ግን ብዙዎችን ቅር ያሰኛል። አንድን ፋይል ኢኳላይዘሩ (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ማስተካከያው) ተዘግቶና የድምፁ መጠን እኩል ተደርጎ በአራቱም ማጫወቻዎች ቢያሰሙኝ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልችልም። አንዱ ከሌላው ልቆ የሚሰማን አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ስለሚጀምር ወይም ወፍራሙን ድምፅ አስቀድሞ ስለሚያጎላ ነው። ጥራት የሚወሰነው በቅጂው፣ በጆሮ ማዳመጫውና በድምፅ ማጉያው ነው።

ማጫወቻዎቹ የሚለያዩት በሌላ ነገር ነው። ከሺህ ፋይሎች መካከል የሚፈልጉትን ዘፈን በስንት ሰከንድ ያገኙታል? የዘፋኙ ስም በፊደላችን ተጽፎ በትክክል ይታያል ወይ? ከካሴት የተገለበጠው የድሮ ዘፈን ተሰምቶ አልቆ አዲሱ ሲጀምር ጆሮዎን ያስደነግጣል ወይስ እኩል ሆኖ ይቀጥላል? እኔ ማጫወቻን የምመዝነው በእነዚህ ነው።

ለምን እንደሆነ ስብስቤን ሳስረዳ ግልጽ ይሆናል። ወደ 6,000 የሚጠጉ ፋይሎች አሉኝ። ግማሹ ከአባቴ ካሴቶች የተገለበጠ ነው፤ አንዳንዱ የካሴቱ አንድ ገጽ እንዳለ የተቀዳበት የ30 ወይም የ45 ደቂቃ ፋይል ነው። ሌላው ከሲዲ የተቀዳ፣ ከጓደኛ ፍላሽ የመጣ፣ «ትራክ 03» ከሚል ስም በቀር ምንም የማይናገር ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን በየቤቱ የማየው ሃርድ ዲስክ ከዚህ ብዙም አይለይም። የውጭ አገር መጽሔቶች ማጫወቻ ሲያወዳድሩ ግን የሚያስቡት ስሙ፣ ዓመቱና የሽፋን ሥዕሉ ተሟልቶ የተገዛ አልበም ያለውን ሰው ነው። የእነሱ ምርጫ ለእኛ ስብስብ ሁልጊዜ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

አራት ማዕዘን ሳጥን ወይስ የጥያቄ ምልክት?

የኤምፒ3 ፋይል በሆዱ ውስጥ የዘፋኙን፣ የዘፈኑንና የአልበሙን ስም የሚይዝ ትንሽ መዝገብ ሊኖረው ይችላል። መለያ እንበለው። ጥንታዊው የመለያ ዓይነት ለዘፈኑ ርእስ 30 የላቲን ሆሄ ብቻ ይፈቅድ ስለነበር ለፊደላችን ቦታ አልነበረውም። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የሚጻፉበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የመለያ ዓይነቶች አማርኛን ያለ ችግር ይይዛሉ።

ስለዚህ ማጫወቻው በስሙ ቦታ አራት ማዕዘን ሳጥኖችን ካሳየ አይደንግጡ። ጽሑፉ በፋይሉ ውስጥ በደህና አለ፤ የጎደለው ፊደሉን የሚሥል ቅርጽ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባል የፊደላችንን ቅርጽ ይዞ መጥቶ ነበር፤ በዊንዶውስ 10 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት ደግሞ አብሮ የሚመጣው ኢብሪማ ነው፤ በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ ገብተው የፊደል ቅርጹን መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረው ካዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፊደል የማያውቅ ፕሮግራም ስሙን በላዩ ላይ ጽፎበት ዋናው ጠፍቷል ማለት ነው፤ እንደገና በእጅ ከመጻፍ በቀር መመለሻ የለውም። ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። በዚህ ንጽጽር ውስጥ የሌለ አንድ ፕሮግራም «መለያዎችን ላስተካክል?» ሲለኝ እሺ ብዬው ሁለት ሳምንት ተቀምጬ የጻፍኳቸውን ስሞች በአንድ ሌሊት የጥያቄ ምልክት አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ ቅጂ ሳልይዝ ምንም ነገር አላስነካም።

አራቱም ማጫወቻዎች ዩኒኮድን ያውቃሉ። አንድም ግን ሞክሼ ሆሄያትን አንድ አድርጎ የሚያይ አላገኘሁም። ጥላሁን ገሠሠን በ«ሠ» ጽፈው ከፈለጉ በ«ሰ» የተጻፉት አይመጡም፤ በላቲን ፊደል የተጻፉት ደግሞ ከሁለቱም ተለይተው በሌላ ቦታ ይቀመጣሉ። አንዱ ዘፋኝ ሦስት ሰው ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ አጻጻፍ መርጦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ነው። ማጫወቻዎቹን የሚለያያቸው ትልቁ ነገርም ይኸው ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ የማስተካከል ችሎታቸው ነው።

ፉባር2000 እና ሚውዚክቢ፦ ለትልቅ ስብስብ

ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ሁለቱም ከዊንዶውስ ጋር በደንብ ይግባባሉ። በመልክና በጠባይ ግን አይመሳሰሉም።

ፉባር2000 ፒተር ፓውሎውስኪ የተባለ ባለሙያ ከ2002 ጀምሮ የሚሠራው ነው። ሲጫን የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ወዲያው ይከፈታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት ባዶ ቤት ይመስላል፦ ነጭ መስኮት፣ ዝርዝር፣ ጥቂት አዝራሮች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል፤ እኔም የመጀመሪያ ቀን ዘግቼው ነበር። ሀብቱ ያለው በቀኝ አዝራር ሲጫኑ በሚወጡት ዝርዝሮች ውስጥ ነው። መቶ ፋይል መርጠው የፋይሉን ስም ብቻ በማንበብ የዘፋኙንና የዘፈኑን መለያ እንዲሞላ ማዘዝ ይቻላል። ፋይሎቹ «ዘፋኝ - ዘፈን» በሚል መልክ ከተሰየሙ አንድ ቀን የሚፈጀው ሥራ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። መለያ ጨርሶ የሌላቸውን ደግሞ በፎልደራቸው ቅደም ተከተል አድርጎ ያሳያል። «ገሠሠ» እና «ገሰሰ» የሚሉትን በአንድ የፍለጋ ትእዛዝ አጣምሮ ራሱን የሚያድስ ዝርዝር ይሠራል፤ ነገ በሁለቱም አጻጻፍ አዲስ ፋይል ቢጨምሩ በራሱ ይገባል።

ከሁሉ የምወደው የድምፅ ማመጣጠኛው ነው። ሪፕሌይጌይን ይባላል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፋይል አንድ ጊዜ አድምጦ ጩኸቱን ይለካና ልኩን በመለያው ላይ ይጽፋል፤ ዘፈኑን ራሱን አይነካም። ሲጫወት ዝቅ ያለውን ከፍ፣ የሚጮኸውን ዝቅ ያደርጋል። ከ1960ዎቹ ቅጂ ወደ አምና አልበም ሲሻገሩ ድምፅ መቆጣጠሪያውን ለመያዝ መሮጥ ቀረ። የካሴት ግልባጭ ለበዛበት ቤት ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ነገር አላውቅም።

ሚውዚክቢ ገና ሲከፈት ያማረ ነው። የአልበም ሽፋን፣ የዘፋኝ ምስል፣ የሚጫወተው ዝርዝር ሁሉ በየቦታው ተሰድሯል። መለያን ከፋይል ስም መሙላትም፣ ድምፅ ማመጣጠንም፣ ወደ አንድሮይድ ስልክ ዘፈን ማስተላለፍም ይችላል፤ የመጨረሻው በፉባር2000 በዚህ ቅለት አይገኝም። ኮምፒውተር ብዙም ለማያዘወትር ሰው ከሁለቱ ይህን እመርጥለታለሁ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሚውዚክቢ ፋይሎችን በራሱ ወደ አዲስ ፎልደር የሚያዛውርበትና መለያዎችን ከኢንተርኔት አምጥቶ የሚሞላበት አገልግሎት አለው። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በእነዚያ የመረጃ ቋቶች ውስጥ በወጉ አልተመዘገበም፤ ያለውም በየሰዉ የላቲን አጻጻፍ የተበታተነ ነው። በፈረንሳይ የታተሙት የድሮ ሙዚቃችን ሲዲዎች ለምሳሌ የዘፋኞቻችንን ስም በፈረንሳይኛ ሥርዓት ጽፈውታል፤ እኛ በለመድነው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ቢፈልጓቸው አይገኙም። ስለዚህ ከኢንተርኔት የሚመጣውን መለያ አንድ በአንድ አይተው ካልሆነ በጅምላ አይቀበሉ።

ቪኤልሲ እና ኤይምፕ፦ ከፍቶ ለማዳመጥ

ቪኤልሲን የማያውቀው የለም፤ ብርቱካናማው የመንገድ ምልክት ነው። በ1996 የፓሪስ የምሕንድስና ተማሪዎች የጀመሩት ሥራ ነበር፤ ከ2001 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ዛሬም ማስታወቂያ የለውም። ማንኛውንም ዓይነት ፋይል ማለት ይቻላል ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይከፍታል፤ ሌላው እምቢ ያለውን የተበላሸ ፋይል እንኳ አንዳንድ ጊዜ ያጫውታል። ስብስብን ለማደራጀት ግን አልተሠራም። መለያ የሚያስተካክለው አንድ በአንድ ነው፤ 6,000 ፋይል ሲሰጡት ረጅም ዝርዝር ብቻ ይሆንብዎታል።

ቢሆንም ሁለት ነገር ላይ በጣም ይጠቅማል። ረጅም ቅጂ፣ ለምሳሌ ስብከት ወይም የሁለት ሰዓት ቅዳሴ፣ መሐል ላይ አቁመው ሲመለሱ ካቆሙበት ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ዘፈኑን ድምፁ ሳይወፍር ያዘገየዋል፤ ከየት እስከ የት ተደጋግሞ ይጫወት እንደሚባልም መለየት ይቻላል። ክራር ወይም መሲንቆ በጆሮው የሚማር ሰው አንዱን ስንኝ ወደ ሦስት አራተኛ ፍጥነት አውርዶ ሃያ ጊዜ ሲደጋግም አስቡት። የመምህርን ያህል ባይሆንም ትልቅ እርዳታ ነው። የድምፁን መጠን ከ100 በመቶ በላይ ከፍ ማድረግም ይፈቅዳል፤ የላፕቶፕ ድምፅ ማጉያን ስለሚያስጨንቅ ግን እኔ ከ100 አላሳልፈውም።

ኤይምፕ በሩሲያዊው አርተም ኢዝማይሎቭ የተሠራ፣ ቀለል ያለ፣ በነፃ የሚገኝ የዊንዶውስ ማጫወቻ ነው። እሱም ፍጥነትን ከድምፅ ቅላጼ ለይቶ ይቀይራል፤ ቅላጼውን ብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ክራሩን ከዘፈኑ ጋር ለማስማማት ክሩን ከማጥበቅና ከማላላት ይልቅ ዘፈኑን ወደ ክራሩ ማምጣት ማለት ነው። የኢንተርኔት ሬዲዮ እየሰሙ መቅዳትም ይቻላል። መልኩ በድሮ ዘመን የኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ዊንአምፕ ላይ ላደገ ትውልድ በጣም የሚመች ነው። ዊንአምፕን ራሱን የሚጠይቁኝም አሉ፤ ፍቅሩ ይገባኛል፤ በ1997 ከመጣ ጀምሮ ያሳደገን እሱ ነው። ነገር ግን የለመድነው የድሮ መልኩ ስሞችን የሚጽፈው በሥዕል በተሠራ የላቲን ሆሄ ነው፤ ማስተካከያው ካልተቀየረለት አማርኛ አያሳይም። ለናፍቆት ካልሆነ አልመክረውም።

ማክ ያላችሁ ሰዎች አብሮ የሚመጣው ሚውዚክ የተባለው ማጫወቻ፣ ማለትም በ2019 የአይቲዩንስን ቦታ የተካው፣ ለአብዛኛው ነገር ይበቃችኋል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ የፍላክ ፋይል (አንድም ድምፅ ሳይጥል የሚጨመቅ ዓይነት) አይቀበልም፤ ፋይሎችን ወደ ራሱ ፎልደር የሚገለብጥበት ምርጫ ክፍት ከሆነ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ላይ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ይሆናል። ሊኑክስ ለሚጠቀም ስትሮቤሪን ይሞክር።

ስለ ፋይሉ ዓይነት

ማጫወቻ ከመምረጥ በፊት ካሴት ገና የሚገለብጥ ሰው ካለ ይህን ይስማኝ። ስድስት ደቂቃ የሚረዝም ዘፈን በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 (ቁጥሩ ለአንድ ሰከንድ ድምፅ የሚያዘው መረጃ ልክ ነው) ወደ 6 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ320 ኪሎቢት ወደ 14። በሲዲ ጥራት ሳይጨመቅ ከ60 ሜጋባይት ያልፋል፤ ፍላክ ደግሞ አንድም ድምፅ ሳይጥል ያንን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ካሴቱ በየዓመቱ እያረጀ ነው፤ የሚገለበጠውም ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በፍላክ ይቅዱት፤ ለስልክና ለመኪና ከዚያ ላይ ኤምፒ3 ያወጣሉ። የተገላቢጦሹ አይሠራም፤ የ128 ኪሎቢቱን ፋይል ወደ ፍላክ መቀየር የጠፋውን ድምፅ አይመልስም፤ ቦታ ብቻ ይይዛል። ፉባር2000 እና ሚውዚክቢ ይህን የመቀየር ሥራ በጅምላ ይሠሩታል፤ ለኤምፒ3 ግን ተጨማሪ መጭመቂያ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።

የፋይሉን ስም በላቲን፣ መለያውን በፊደላችን ማድረግ ደግሞ ለእኔ ጥሩ ሆኖ ሠርቷል። የብዙ መኪና ሬዲዮ ፊደላችንን ስለማያውቅ ቢያንስ የፋይሉን ስም ማንበብ ይችላል።

እንግዲህ የቱን?

ከ500 ፋይል በታች ያለው፣ ከፍቶ ከማዳመጥ በቀር ሌላ የማይፈልግ ሰው ቪኤልሲን ይጫን፤ ምናልባት አስቀድሞም አለው። ሙዚቃ መሣሪያ የሚማር ኤይምፕን ይጨምርበት። ስብስቡ የሚያምር ገጽ ይዞ እንዲቀመጥና ከስልኩ ጋር እንዲገናኝ የሚሻ ሚውዚክቢን ይምረጥ። የካሴትና የፍላሽ ክምር ያለበት፣ ጥቂት ምሽቶችን ለመቀመጥ የማይሰስት ሰው ፉባር2000ን ይያዝ፤ የእኔ ምርጫም እሱ ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ገጽ ያውርዱ፤ በሌሎች ገጾች ላይ «አውርድ» የሚሉ ትልልቅ አዝራሮች ብዙውን ጊዜ ያልጠየቁትን ፕሮግራም አብረው ይጭናሉ።

ለመሞከር አንድ ምሽት ይበቃል። ከስብስብዎ ውስጥ 50 ፋይል ወደ አዲስ ፎልደር ይገልብጡ፤ አማርኛ ስም ያለው፣ ስም የሌለው፣ የድሮ፣ የአዲስ፣ አንድ ረጅም ፋይል ይግባበት። ሁለት ማጫወቻ ጭነው በሁለቱም አንድ ዘፋኝ ይፈልጉ፤ ስሙን በጅምላ ያስተካክሉ፤ ከዚያ ዝርዝሩን በዘፈቀደ አጫውተው ቡና እያፈሉ ያዳምጡ። ድምፅ ለማስተካከል ከመቀመጫዎ ስንት ጊዜ እንደተነሡ ይቁጠሩ።