የልጆች የግዕዝ መማሪያ፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት ስንጠቀምበት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። መጽሐፉ እስከ ግማሹ ድረስ ግሩም ነው። ግስ ሲጀምር ግን አስተማሪ ይፈልጋል።

ባለ ሥዕል መጽሐፍ፣ የመልመጃ ደብተርና በሜሞሪ ካርድ የተቀዳ ድምፅ አንድ ላይ ነው የሚሸጠው። ጅማ ላይ ፈልጌ ስላጣሁት ከአዲስ አበባ ሰው አመጣልኝ። ዋጋው ሁለት ኪሎ ቡና ቢገዛ ነው። የአሳታሚውን ስም አልጠራም። ተመሳሳዮቹ ብዙ ናቸው፣ የምለውም ለአብዛኞቹ ይሠራል።

ትልቋ ልጄ አራተኛ ክፍል ናት፣ ትንሹ ሁለተኛ። ትምህርት ቤት የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማንበብ የጀመሩት በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ነው። እቤት አማርኛ ይናገራሉ፤ ፊደሉን ግን ቀስ እያሉ ነው የሚያነቡት። መጽሐፉ ደግሞ ልጁ ፊደል አሳምሮ ለይቷል ብሎ ነው የሚነሳው። ለትንሹ ይሄ ከበደው። አንድ ወር ያህል መጽሐፉን አስቀምጠን ፊደል ብቻ ቆጠርን። የእናንተም ልጅ በቁቤ የጀመረ ከሆነ ይህን ጊዜ አስቀድማችሁ አስቡበት።

ደስ ያለኝ ክፍል ስለ «ቤተ» የሚያስተምረው ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍት። ልጆቹ ቃላቱን ቀድሞውኑ ያውቋቸዋል፤ መጽሐፉ አሠራራቸውን ብቻ ነው የሚያሳያቸው። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ ሆነው የማያነቡት ታፔላ የለም። ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ልናይ ስንወጣ ትንሹ «ለምን ፍርድ ቤትን ቤተ ፍርድ አይሉትም?» ብሎ መንገዱን ሙሉ ጨቀጨቀን። ይሄን ጥያቄ ያስጠየቀ ምዕራፍ ዋጋውን አውጥቷል።

ተውላጠ ስሞቹም በካርድ ጨዋታ ስለሚቀርቡ ቶሎ ተያዙ። አሥር ናቸው። ያስቸገሩት አንትን (እናንተ ሴቶች) እና እማንቱ (እነሱ ሴቶች) ብቻ ናቸው። አማርኛውም ኦሮምኛውም ብዙ ሴቶችን ከብዙ ወንዶች አይለይም፤ ልጆቹ ልዩነቱን ከየት ያምጡት?

አሁን ወደ ጉድለቱ። ድምፁ የሚሸፍነው የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በጽሑፍ ብቻ ነው፣ ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። ቀተለ ላልቶ ይነበባል፣ ቀደሰ ጠብቆ። መጽሐፉ ላይ ምንም ምልክት የለም። ቃሉ በየትኛው የንባብ ስልት እንደሚነበብ፣ ተነሽ ይሁን ወዳቂ፣ ሰያፍ ይሁን ተጣይ፣ እሱንም አይነግራችሁም። ግዕዝ ከልጅነቱ ያልተማረ ወላጅ እዚህ ላይ ይቆማል። ትልቋ የራሷን ዘዴ አመጣች። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፤ ስለዚህ የኔታ ሲያነቡ እየሰማች ከቃሉ ጎን በቁቤ ጻፈችው። የመጽሐፋችን ኅዳግ በእርሳስ ተሞልቷል። አሳታሚው ቢሰማኝ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ አንዲት ነጥብ ቢያደርግ ምን ነበረበት?

የኔታ ያልኳችሁ ሰፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ልጆች የሚያስተምሩ አባት ናቸው። መጽሐፉን አሳየኋቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «መጀመሪያ ንባቡ ይቅና፤ ትርጉሙ የት ይሄዳል» አሉኝ። በድሮው ሥርዓት ልጅ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ እስከ ዳዊት ንባብ ይማራል። ግስ የሚመጣው ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። መጽሐፉ ሁለቱንም አንድ ላይ ይሰጣል። እኔ በዚህ ከየኔታ አልስማማም፤ ልጆቼ የሚያነቡት ነገር ካልገባቸው አንድ ሳምንትም አይቆዩልኝም። ንባቡን በተመለከተ ግን ልክ ናቸው።

የግስ ምዕራፉ ስምንቱን አርእስት (ሌሎቹ ግሶች የሚረቡባቸውን አብነቶች)፣ ከቀተለ እስከ ቆመ፣ በአንድ ሰንጠረዥ ደርድሯቸዋል። ለአዋቂ ጥሩ ነው፣ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ግድግዳ ነው። ደግሞ የመጀመሪያው ግስ «ገደለ» ማለት ነው! ትንሹ «ማንን?» አለ። ላቲን የሚማሩ የፈረንጅ ልጆች «እወዳለሁ» ብለው ነው አሉ የሚጀምሩት። ወጉ ወግ ነው፣ አልከራከርም፤ ለልጅ ግን ከሌላ ግስ መጀመር ይቻል ነበር።

ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው የቃላት ዝርዝር አጭር ነው። እኛ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት እናያለን፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው ትልቁ ማለቴ ነው። ቃላቱ የተደረደሩት በአበገደ (አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው የፊደል ተራ) ስለሆነ ሀለሐመ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፋችሁ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጡ።

ምንባቦቹ በሙሉ ከጸሎት የተወሰዱ ናቸው። ቋንቋውን ብቻ ለሚፈልግ ቤተሰብ ይሄን ማወቅ ይጠቅማል። እኔ ተረትና የቤት ውስጥ ንግግር ቢጨመርበት እወድ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ መድረሳ ይማራል። የኛዎቹ «አርባዕቱ፣ ኀምስቱ» ሲሉ ሰምቶ በዐረብኛ «አርበዐ፣ ኸምሳ» እያለ ተከተላቸው፤ ሦስቱም እየተሳሳቁ እስከ አሥር ደረሱ። መጽሐፉ ስለዚህ ዝምድና አንድ መስመር እንኳ የለውም።

ጥራዙ ደካማ ነው። በጅማ ዝናብ እርጥበት ሙጫው ለቆ አሁን በክር ተሰፍቷል።

በአጠገባችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ካለ ግዙት። ከሌለ ድምፁ እስከ መጨረሻው የተቀዳለት ሌላ ፈልጉ፣ ሥዕሉ ባያምርም። ሁለተኛው ቅጽ ወጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ክረምቱን ከየኔታ ጋር የግሱን ርባታ ሳንጨርስ አልገዛውም።