አዲስ አበባ ላይ ኢንተርኔቱ የሚቆረጠው በር ላይ ነው

ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባ የሚሰነብት ሰው በአንድ ቀን ውስጥ የሆቴል ወይም የቤተሰብ ዋይፋይ፣ የካፌ ዋይፋይና የሞባይል ዳታ ይጠቀማል። ለየብቻቸው ሲታዩ ሦስቱም ደህና ናቸው። የሚያስቸግረው ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፉ ነው፤ ይህንን ደግሞ አብዛኛውን ከስልኩ ሴቲንግ ማስተካከል ይቻላል።

በመጀመሪያ የአገር ውስጥ ሲም አውጡ፤ ቦሌ ኤርፖርት ላይ ፓስፖርት ይዞ መግዛት ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም ስላለ ምርጫ አለ። በውጭው ቁጥር ሮሚንግ (የውጭውን ሲም በእዚህ አገር ኔትወርክ ላይ) መጠቀም ከዋጋው ሌላ የማይታወቅ ጉዳት አለው። አይፎን ላይ ዋይፋዩ ሲደክም ስልኩን ወደ ሞባይል ዳታ የሚያሻግረው ዋይፋይ አሲስት ሮሚንግ ላይ አይሠራም። የአገር ውስጡን ሲም የዳታ መስመር ካደረጋችሁት ግን ይሠራል፤ ማብሪያው ሴቲንግ ውስጥ ሴሉላር የሚለው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው።

የውጭውን ቁጥር ለባንክ ኮድ ብቻ አስቀሩት። ዋይፋይ ኮሊንግን (በዋይፋይ በኩል መደበኛ ጥሪ ማድረጊያውን) ከአገር ሳትወጡ አብሩ፤ የውጭው የስልክ ድርጅታችሁ ከውጭ አገር ሆኖ መጠቀምን እንደሚፈቅድም አረጋግጡ። ዳታ ሮሚንጉንና ዳታን በሁለቱ ሲሞች መካከል የሚያቀያይረውን ማብሪያ አጥፉ። ከባንክ ጋር በዋይፋይ ኮሊንግ እያወራችሁ ከግቢ ብትወጡ ጥሪው ሊቋረጥ ይችላል፤ ተቀምጣችሁ ጨርሱ።

አሁን ታክሲ መጥራትን እንይ። ራይድን (የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያውን) በሆቴሉ ዋይፋይ ተጠቅማችሁ መኪና ጠርታችሁ ወደ በሩ ስትሄዱ ስልኩ ደካማውን ዋይፋይ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ ካርታው ላይ መኪናው አይንቀሳቀስም። አይፎን ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ የዋይፋይ ማሠራጫ መፈለግ የሚጀምረው ምልክቱ ከኔጌቲቭ 70 ዲቢኤም (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ) በታች ሲወርድ ነው፤ ዳታ እየላከ ከሆነም ወደ አዲሱ የሚዘዋወረው ቢያንስ በ8 ዲቢ ሲበልጥ ነው። በሩ አጠገብ ደግሞ ሌላ ማሠራጫ የለም። ስለዚህ ከሎቢ ሳትወጡ ዋይፋዩን ከመቆጣጠሪያ ማዕከሉ (ኮንትሮል ሴንተር) አጥፉት። አይፎን በዚህ መንገድ ሲጠፋ የሚለቀው ለጊዜው ነው፤ ሌላ ቦታ ስትደርሱ ወይም በማግስቱ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ራሱ ይመለሳል። ካልሆነ ወደ ራይድ በ8294 ደውሉ፤ ለስልክ ጥሪ ዳታ አያስፈልግም። ሹፌሩ ሲደውል ካርታው ቢቆምም አትደንግጡ፦ ስልካችሁ በአገር ውስጡ ኔትወርክ በ4ጂ ድምፅ መደወል ካልቻለ ለጥሪው ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል፤ 2ጂ ላይ ጥሪው እስኪያልቅ ዳታ ይቆማል።

መብራት ሲሄድ ያለው ከሁሉም ያደናግራል። ራውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ተሰክቶ ይቆያል፤ ኢንተርኔቱን ወደ ራውተሩ የሚያስገባው የፋይበር ሳጥን ግን ግድግዳው ላይ ስለተሰካ ይጠፋል። ስልኩ ዋይፋዩን ሙሉ ያሳያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ለቤተሰብ ቤት መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለቱንም አንድ ዩፒኤስ ላይ ሰኩ። ሳምሰንግ ላይ ኮኔክሽንስ፣ ዋይፋይ፣ ሦስቱ ነጥቦች፣ ከዚያ ኢንተለጀንት ዋይፋይ ገብታችሁ ወደ ሞባይል ዳታ የሚቀይረውን አብሩ። ሌላ አንድሮይድ ከሆነ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ነክታችሁ የዴቨሎፐር ምርጫዎችን ክፈቱና የሞባይል ዳታ ሁልጊዜ ዝግጁ እንዲሆን አድርጉ፤ ጥቂት ባትሪ ይበላል፣ መሻገሩ ግን ይፈጥናል። ጄኔሬተር ተነሥቶ ራውተሩ እስኪመለስ ድረስ ፎቶዎቻችሁ በሞባይል ዳታ እየተጫኑ ጥቅሉን እንዳይጨርሱት አይፎን ላይ ለአገር ውስጡ መስመር ሎው ዳታ ሞድን (ዳታ መቆጠቢያውን) አብሩ።

ሆቴሎችን በተመለከተ፣ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ዋይፋዩ በሁሉም ፎቅ አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል እንዳለው ጠይቁ። በየፎቁ የተለያየ ስም የሰጠ ሆቴል እንግዳውን ደረጃ በወጣ ቁጥር ያስቆርጠዋል፤ ይህ በጥቂት ሥራ የሚስተካከል ነገር ስለሆነ በጣም ያሳዝናል። በየጊዜው የክፍል ቁጥር አስገቡ የሚላችሁ ከሆነ ደግሞ የስልኩ የግል የዋይፋይ አድራሻ (ዋይፋዩ ስልኩን የሚለይበት ቁጥር) እየተቀያየረ ሊሆን ይችላል። በአዲሶቹ አይፎኖች ለዚያ ዋይፋይ ብቻ ፊክስድ (ቋሚ) አድርጉት።

ቪዲዮ እያወራችሁ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ስታልፉ ምስሉ ቢቆም ስልኩን አትዝጉ። የኢንተርኔት አድራሻችሁ ስለተቀየረ ነው፤ ዋትስአፕም ቴሌግራምም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ይመለሳሉ። ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ለውጭ ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ ዋየርጋርድ ወይም አይኬቪ2 የተባለ የግንኙነት ዘዴ የሚጠቀም ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተመሰጠረ መስመር) ምረጡ፤ አድራሻው ሲቀየር አይወድቁም። ቲሲፒ በተባለው የመላኪያ ዘዴ የሚሠራ ኦፕንቪፒኤን (ሌላ የቪፒኤን ዓይነት) ግን እንደ አዲስ መገናኘት አለበት።

ካፌ ውስጥ ሒሳብ ስትከፍሉ ዋይፋዩም ዳታውም ካልያዙ፣ ቴሌብር ላይ ገንዘብ ካላችሁ *127# ደውሉ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።