ፓይክፒዲኤፍ ከሰባት ወር በኋላ፦ 640 ፋይል አንድ ዓይነት ሲከፈት

ፓይክፒዲኤፍ ብዙ ፒዲኤፍ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ በኮድ ለማስተካከል የሚረዳ ነፃ መሣሪያ ነው። ነገሩ የጀመረው በጋሼ ዓይን ነው። የምሠራበት ትንሽ የጥብቅና ቢሮ ባለቤት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ መነጽር ማድረግ ግን አይወዱም። አንድ ጠዋት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ከፈትኩላቸው። ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ተደርድሮ ወጣ። ነጋሪት ጋዜጣን የሚያውቅ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። እያንዳንዱ ገጽ ራሱ ለሁለት ዓምድ የተከፈለ ነው፤ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። ሁለት ገጽ አንድ ላይ ሲመጣ አራት ዓምድ ሆነ። ፊደሉ የጤፍ ፍሬ አከለ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ጉንዳን አንቺው አንብቢልኝ» አሉኝ።

ሌላ ፋይል ከፈትኩ። እሱ ደግሞ በግራ በኩል የትንንሽ ገጾች ዝርዝር ዘርግቶ የስክሪኑን ሩብ ወሰደ። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን ከመሀል ጀመረ። አራተኛው ወደታች ስታሸበልሉት አይፈስም፤ ገጽ በገጽ ይዘላል። ቢሮአችን ውስጥ 640 ያህል እንዲህ ያሉ ፋይሎች አሉ። አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ፣ የሰበር ውሳኔ ቅጾች። ባለፉት ዓመታት ከየሰዉ፣ ከየፍላሹና ከየስካነሩ የተለቃቀሙ ናቸው። ሁሉም እንዳደጉበት ቤት ነው ጠባያቸው።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩ ጥፋት መስሎኝ ነበር። ለካ ፒዲኤፍ ራሱ በሆዱ ውስጥ «ስትከፍቱኝ እንዲህ አድርጋችሁ አሳዩኝ» የሚል ማስታወሻ ሊይዝ ይችላል። የተጻፈው ፋይሉ ዋና ማውጫ ላይ ነው፤ ሦስት ቦታ። ፔጅ ሌይአውት የሚባለው ገጾቹ እንዴት እንደሚደረደሩ ይናገራል፦ አንድ በአንድ፣ እየተከታተሉ ወደታች፣ ወይም ሁለት ሁለት እየሆኑ። ፔጅ ሞድ የጎን ዝርዝሩ ይከፈት አይከፈት ይላል። ኦፕን አክሽን ደግሞ ከየትኛው ገጽ እንደሚጀምርና በምን ያህል ማጉላት እንደሚታይ። ይህ ሦስተኛው አንድ ሳምንት አንከራቶኛል፤ እመለስበታለሁ።

አክሮባት ፕሮ የሚባለው የአዶቢ ተከፋይ ፕሮግራም ያለው ሰው ፋይሉን ከፍቶ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቶ፣ ኢኒሻል ቪው በሚለው ገጽ ላይ ሁሉንም ማስተካከል ይችላል። ነፃው አዶቢ ሪደር ግን ይህን አያስቀይራችሁም። ፕሮው አንድን ሥራ በብዙ ፋይል ላይ የሚደጋግም አክሽን ዊዛርድ የሚባል መሣሪያም አለው። ለኛ ቢሮ ግን በየወሩ በዶላር የሚከፈል ነገር ገና ከበሩ የሚመለስ ሐሳብ ነው። ኮድ የሚያስፈራው ሰው ጄፒዲኤፍ ትዊክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም መሞከር ይችላል። ጃቫ ይፈልጋል፤ በቁልፎችና በሳጥኖች የሚሠራ ነው። እኔ የአክስቴ ልጅ ፕሮግራመር ስለሆነ ፓይክፒዲኤፍ ላይ ወደቅሁ።

ፓይክፒዲኤፍ መስኮትና ቁልፍ ያለው ፕሮግራም አይደለም። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ ለሚጽፉ የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ፣ ቤተ መጻሕፍት የሚሉት ነው፤ ሥራውን የሚሠራለት ከሥሩ ያለው ኪውፒዲኤፍ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ቡና እየጠጣ 12 መስመር ጻፈልኝ። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ በዚህ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፒዲኤፍ ሁሉ አንድ በአንድ ክፈት፣ ማውጫው ላይ ያለውን ፔጅ ሌይአውት «ዋን ኮለም» አድርግ፣ ፔጅ ሞዱን «ዩዝ ነን» አድርግ፣ አስቀምጥ። ዋን ኮለም ማለት ገጾቹ እንደ ጥቅል ብራና ወደታች ይፈስሳሉ ማለት ነው። ዩዝ ነን ደግሞ የጎን ዝርዝሩን ይዘጋል። ለ640 ፋይል ከአራት ደቂቃ በታች ፈጀ። ስካን የተደረጉትን ምስሎች አይነካም፤ ጥራታቸው አይወርድም። መጠናቸውም ብዙም አልተለወጠም።

በደስታ ጋሼ ኮምፒውተር ላይ ሄጄ አዋጁን ከፈትኩት። እንደ ድሮው። አራት ዓምድ።

ጋሼ የሚጠቀሙት ሱማትራ ፒዲኤፍ የሚባለውን የፒዲኤፍ ማንበቢያ ነው፤ ማሽናቸው አሮጌ ስለሆነ ቀለል ያለ ስለፈለግን። ሱማትራ ደግሞ እያንዳንዱን ፋይል ባለፈው ጊዜ እንዴት ትታችሁት እንደወጣችሁ ያስታውሳል። ያንን ትዝታውን ከፋይሉ ማስታወሻ ያስቀድማል። ሴቲንጉ ውስጥ የየፋይሉን ሁኔታ አስታውስ የሚለውን ምልክት ሳነሳው ነገሩ ተስተካከለ። አዶቢ ሪደርም ተመሳሳይ ምርጫ አለው፤ እሱ በርቶ ከሆነ ፋይሉን ብትቀይሩትም ዓይናችሁ ያው ነው የሚያየው። ስለዚህ «አልሠራም» ከማለታችሁ በፊት ከፍታችሁት የማታውቁትን ፋይል ሞክሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ማታ ኮዱን ስጠራጠር አመሸሁ።

አሁን ወደ ማጉላቱ። ገጾቹ መፍሰስ ጀመሩ፤ ፊደሉ ግን በአንዳንዱ ፋይል ላይ አሁንም ትንሽ ነው። ምክንያቱ ኦፕን አክሽን ነው። ፔጅ ሌይአውት ስለ አደራደር ብቻ ነው የሚያወራው። ማጉላት አይመለከተውም። ከስካነር የወጡት ብዙዎቹ ፋይሎቼ «ሙሉ ገጹ ስክሪኑ ላይ ይግባ» የሚል አሮጌ ኦፕን አክሽን ነበራቸው። ከመሀል የሚጀምረው ፋይልም ሚስጥሩ ይኸው ነበር፤ የሆነ ሰው የሆነ ጊዜ እዚያ ገጽ ላይ ሆኖ አስቀምጦታል። ኦፕን አክሽኑን «የመጀመሪያው ገጽ፣ በስክሪኑ ስፋት ልክ» በሚል ስንተካው ነው ጋሼ «አሁን ገና ሰው አየሁ» ያሉት። ሁለቱን አንድ ላይ ካልቀየራችሁ ግማሽ ሥራ ነው።

ለሁሉም ፋይል አንድ ልብስ ማልበስም ስህተት ነበር። ለነጋሪት ጋዜጣ የሚፈስ አንድ ዓምድ ይሻላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔ ቅጾች ግን መጽሐፍ ናቸው። ጽሑፉ በአንድ ዓምድ ነው፤ ሰፊ ስክሪን ላይ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ሲሆን እጅ ላይ እንደተዘረጋ መጽሐፍ ያምራል። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርኩ። ሳይፈስ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን የሚያደርግ ምርጫ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቱ ፔጅ ሌፍት እና ቱ ፔጅ ራይት። የመጀመሪያው ጎዶሎ ቁጥር ያለውን ገጽ በግራ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሽፋኑ ከገጽ 2 ጋር ይጣመርና መጽሐፉ እስከ መጨረሻው ድረስ ጥንድ ጥንዱ የተሳሳተ ይሆናል። ሁለተኛው ሽፋኑን ብቻውን በቀኝ አድርጎ ከዚያ በኋላ በትክክል ያጣምራል። እኔ እርግጥ ነው መጀመሪያ የመረጥኩት የተሳሳተውን ነው። አሁን ሁለት ፎልደር አለኝ፤ «ጋዜጣ» እና «መጽሐፍ»። ኮዱ የፎልደሩን ስም አይቶ ይወስናል።

ከዚህ በታች ያለውን ግን መጀመሪያ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ኮዱ እየሠራ መብራት ሄደ። የኔ ዴስክቶፕ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ፣ የለውም። ኮዱ የሚጽፈው በዋናው ፋይል ላይ ነበር። መብራት ሲመጣ አንድ መመሪያ ዜሮ ኪሎባይት ሆኖ ጠበቀኝ። ሌላ ኮፒ ስለነበረ ተረፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተስተካከሉት ወደ አዲስ ፎልደር ነው የሚወጡት፤ ዋናዎቹ ከነጠባያቸው ይቀመጣሉ።

ሁለተኛ፣ ቀኑ። ፋይሎቹ እንደገና ሲጻፉ ሁሉም የዛሬን ቀን ያዙ። እኔ የምፈልገውን ብዙ ጊዜ የማገኘው «ባለፈው ሰኔ ያስገባሁት» ብዬ በቀን ደርድሬ ነው። 640 ፋይል በአንድ ከሰዓት የተወለደ መሰለ። የአክስቴ ልጅ የድሮውን ቀን መልሶ የሚለጥፍ አንድ መስመር ጨመረበት።

ሦስተኛውን በኪሴ ነው የከፈልኩት። ፎልደሩ ኢንተርኔት ላይ ካለ ማከማቻ ጋር የተያያዘ ነበር። እሱ ደግሞ ፋይሎቹ ተለውጠዋል ብሎ ሁሉንም ከመጀመሪያው መስቀል ጀመረ። በስልኬ ሆትስፖት ነበር የምሠራው። የወሩ ፓኬጅ ከምሳ ሰዓት በፊት አለቀ። ከመጀመራችሁ በፊት ማመሳሰሉን አቁሙት፤ ዋይፋይ ያለበት ስትደርሱ ክፈቱት።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ የቢሮ ሰው ሁሉ ይህን ልብ ይበል። ፓይክፒዲኤፍ ካልነገራችሁት በስተቀር የሚያስቀምጠው ያልተቆለፈ ፋይል ነው። አንዳንድ ፒዲኤፍ ማንም ይከፍተዋል፣ ግን ማተም ወይም መቅዳት የተከለከለበት ነው። እንዲህ ያለው በዚህ መንገድ ካለፈ ክልከላው ይወልቃል። መቆለፊያው እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ሲያስቀምጥ ኢንክሪፕሽኑን ጠብቅ ብላችሁ ማዘዝ አለባችሁ። ለመክፈት ራሱ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውማ ስህተት ብሎ ይቆማል፤ ኮዱ ዘሎት እንዲያልፍ ካልተነገረው የቀሩት ፋይሎች ሁሉ ሳይሠሩ ይቀራሉ። በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ሰነድ ደግሞ ጭራሽ አይነካ። ሰነዱ እንደገና ሲጻፍ ፊርማው ዋጋ ያጣል። አንድ የደንበኛ ውል በስህተት «ጋዜጣ» ፎልደር ውስጥ ገብቶ እንዲህ ሆነብኝ፤ ዋናው ኢሜይል ላይ ስለነበረ ማንም ሳያውቅ አለፈ። አሁን የደንበኛ ሰነድ ያለበት ፎልደር አጠገብ ኮዱን አላስደርሰውም።

ሌላው ጥቃቅን ነው። የፋይሎቻችን ስም በአማርኛ ነው። ፓይተን ያለ ችግር ያነባቸዋል፤ የዊንዶውስ ጥቁሩ መስኮት ላይ ግን ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያል። ማስፈራራቱ ነው እንጂ ሥራው ላይ ምንም የለውም።

ማስታወሻውን ማን ያከብራል? ሱማትራና አዶቢ ሪደር ያከብራሉ። ፋየርፎክስም፣ ፋይሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍተው። በክሮም ስከፍተው ለውጥ አላየሁም። ስልኬ ላይም ያው ነው፤ ድሮም ወደታች ነው የሚፈሰው። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ደንበኛችሁ ስልክ፣ በቴሌግራም፣ የምትልኩ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ብዙም አይጠቅማችሁም። አንባቢው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና የሚያነበውም በራሱ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ፋይሎቹን ከመንካት ፕሮግራሙን ማዘዝ ይቀላል። አዶቢ ሪደር ውስጥ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ጋ «ሁልጊዜ በዚህ አደራደር፣ ሁልጊዜ በዚህ ማጉላት» የሚሉ ሁለት ምልክቶች አሉ። እነሱን ስትመርጡ ፋይሉ የፈለገውን ቢል አይሰማም። እውነቱን ለመናገር ለጋሼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሪደር ጭኜላቸው በሁለት ደቂቃ መገላገል እችል ነበር። የኛ ግን አምስት ኮምፒውተር ነው፤ ፋይሎቹንም በፍላሽ ለሌላ ቢሮ እንሰጣለን። ሰው ቤት ሄጄ ሴቲንግ ልቀይር አልችልም። ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ግን አብሮ ይሄዳል።

ከሰባት ወር በኋላም በየሳምንቱ እጠቀምበታለሁ። አርብ አርብ የሳምንቱን አዲስ ፋይሎች ፎልደሩ ውስጥ እጥልና ኮዱን አስነሳለሁ፤ ሻይ ሳልጨርስ ያልቃል። ከመጀመሪያው ወር ወዲህ ራሱ ፓይክፒዲኤፍ ያበላሸብኝ ፋይል የለም። የተበላሸው ሁሉ በመብራትና በኔ ችኮላ ነው። ኮድ ጽፎ የሚሰጠው ሰው ለሌለው ግን አልመክርም። የአክስቴ ልጅ ባይኖር እኔም እስካሁን ለጋሼ ጉንዳን እያነበብኩ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የነጋሪት ጋዜጣ ገጽ ቁጥር በየእትሙ ከ1 አይጀምርም፤ ካለፈው እትም ይቀጥላል። ጋሼ በጋዜጣው ቁጥር «ገጽ ይሄን ያህል ላይ ውሰጂኝ» ይሉኛል፤ ሱማትራ ደግሞ ገጽ 7 ላይ ነሽ ይለኛል። ይህም ፔጅ ሌብልስ በሚባል ሌላ ማስታወሻ ይስተካከላል፣ በዚሁ በፓይክፒዲኤፍ። ችግሩ የእያንዳንዱ ፋይል መነሻ ቁጥር ስለሚለያይ ለሁሉም አንድ ትእዛዝ አይሠራም። የመጀመሪያውን ገጽ እያየሁ ቁጥሩን በእጄ ነው የምመዘግበው። 43 ጨርሻለሁ። ማታ ማታ አምስት አምስት እየሠራሁ ነው።